ሎሚ ድንጋይ ይበላል

«ሎሚ ድንጋይ ይበላል? አንተው ንገረኝ፤ የተማርከው አንተ ነህ» አለች እትዬ። «ሎሚ ድንጋይ ይበላል?»

«ይበላል» አለ አባቴ።

«እንግዲያው ሎሚ የሚባል ነገር ከአፍዎ አይውጣ» አለቻት እናቴ፣ ፊቷን ከምድጃው ሳታዞር። «በሰጣችሁኝ ሳሙና ወለወልኩ ይበሉ። ከዚያ ዝም።»

«እንድትዋሽ ነው የምትመክሪያት?» አላት አባቴ።

«ዝም ይበሉ ነው ያልኩት፣ ጥጋቡ። ዝም ማለት ከመቼ ወዲህ ነው ውሸት የሆነው?»

«እኔ ለምንድነው ዝም የምለው?» አለች እትዬ። «አሲድ ይዛ ገባች እየተባልኩ ነው እኮ። ሰው ፊት ላይ የሚደፋውን ነገር በቦርሳዬ ይዤ እንደምዞር ተቆጥሬ ዝም ልበል?»

ጭቅጭቁ መቼ እንደተጀመረ አላየሁም። ከታች፣ ከፎቆቹ መካከል ካለው መጫወቻ ስመለስ ኤለቬተሩ ተበላሽቶ እስከ ቤታችን በእግሬ ወጥቼ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ በሩን ስከፍት ነው መሀሉ ላይ የደረስኩት። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። የቶሮንቶ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች አድማ የመቱበት፣ በፈረንጅ የ2009 ሰመር ነበር። ሰፈራችን ሴንት ጄምስ ታውን ላይ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ሽታው እኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል። እናቴ መስኮቱን ትዘጋለች፣ አባቴ በሙቀት ልናልቅ ነው ብሎ ይከፍተዋል፣ እናቴ መልሳ ትዘጋዋለች። ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ የተጀመረ ነገር እስከ መጨረሻው ሲደርስ አላስታውስም፤ ሁሉም ነገር ከመሀሉ ይቋረጥና ሌላ ቦታ ላይ ይቀጥላል።

ውኃዬን ቀድቼ ጠረጴዛው ስር ገባሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ በታች ሆኜ የሦስቱን እግር እያየሁ መስማት እወድ ነበር።

እትዬ የምንላት እታገኝን ነው፣ የአባቴን ታላቅ እህት። አባቴ እትዬ ስለሚላት እናቴም እኔም እንደዚያው አልናት። ደሴ ላይ የሆስፒታል አንሶላ እያጠበች አባቴን ኮሌጅ ያስገባችው እሷ ናት። እሱም ተመርቆ ኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኖ ነበር። ቶሮንቶ ሲመጣ ግን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ከመስታወት ሳጥን እጁን እያወጣ ትኬት የሚቀበል ሰው ሆነ። እትዬ ከመጣች ወዲህ እኔ ክፍል ውስጥ ነው የምትተኛው። ቤይ ስትሪት አካባቢ አንድ ትልቅ ኮንዶ ውስጥ ታጸዳለች። ልጇ እዝራ ደሴ፣ ዘመድ ቤት ቀርቷል። እኛው ሕንፃ ውስጥ፣ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ አንድ መኝታ ቤት ያለው ቤት በሴፕቴምበር ሊለቀቅላት ተነጋግራ ነበር። ሥራው ካለ ቤቱ አለ፤ ቤቱ ካለ እዝራ ይመጣል። ይህን የሚያህለውን እኔም አውቃለሁ፤ ጸጉሬን ስትሠራኝ ሁልጊዜ የምታወራው ስለዚያ ነበር፣ አልጋው በየት በኩል እንደሚሆን፣ መጋረጃው ምን ዓይነት እንደሆነ።

የሆነው ነገር ይህ ነው። የኮንዶው ሎቢ ውስጥ ዘበኛው የሚቆምበት ባንኮኒ ነጭ እብነ በረድ ነው። አንድ ሕፃን ቀይ ጁስ ደፋበት። እትዬ በሳሙና ብትፈትገው አልለቅም አለ። ምሳዋ ውስጥ ሎሚ ነበራት፣ ጨውም ነበራት። ሎሚውን ቆርጣ ጨው ነስንሳ፣ ዶሮ እንደምታጥብ አድርጋ አሸችው። እድፉ ሲለቅ ደስ አላት። በዚያው መሀል እዝራ ደወለ። የሎሚውን ግማሾች ድንጋዩ ላይ በአፋቸው ደፍታ ጥግ ይዛ አወራችው። የደሴ ስልክ መቼ እንደሚቋረጥ ስለማይታወቅ ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ነው የሚያወራው። ተመልሳ ሎሚውን አንስታ ጠረገችው። በማግስቱ ግን ያ የሚያብለጨልጭ እብነ በረድ ላይ፣ ትንፋሽ እንደሰፈረበት መስታወት የደበዘዙ ክቦች ታዩ። ሱፐርቫይዘሩ ሚስተር ዲያስ አጽጂዎቹን ሰብስቦ፣ ይህ የአሲድ ሥራ ነው፣ አሲድ ይዞ መግባት በዚህ ሕንፃ ክልክል ነው፣ ማን እንደሆነ አጣራለሁ አላቸው። አንድ በአንድ ሊያነጋግራቸው ነው። የእትዬ ተራ ሰኞ ነው። እንግሊዝኛዋ ስለማይበቃ አባቴ ሊተረጉምላት ይሄዳል።

«ሕጉ የሚከለክለው ኢንኦርጋኒኩን ነው» አለ አባቴ። ጫማው ከጠረጴዛው ስር ወዲያና ወዲህ ይላል። «እሷ ያደረገችው ኦርጋኒክ ነው፤ የሚበላ ነገር ነው። ልዩነቱን ካስረዳሁት ያበቃል።»

«ሰውየው ልዩነት አልጠየቀህም» አለች እናቴ።

«አልጠየቀም ማለት አያስፈልገውም ማለት ነው?»

እናቴ የድስቱን ክዳን ከወትሮው ጠንከር አድርጋ ከደነች።

አባቴ ጭቅጭቅ ሲበዛበት ወደ ማስተማር ነበር የሚሸሸው። ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ስር አወጣኝና፣ ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ አለኝ። እትዬንም ጠራት። ከፍሪጅ አንድ እንቁላል አንስቶ ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጠና አቼቶ አፈሰሰበት። ቅርፊቱ ላይ ደቃቅ አረፋዎች፣ ላብ እንደሚመስሉ፣ አንድ ሁለት ብለው ወጡ። ከዚያ የእናቴን የጎማ ጓንት አጥልቆ በረንዳው ላይ ወጣና የተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት ላይ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጠብ አደረገበት። ያኛው ወዲያው ፍስስ ብሎ ነጭ አረፋ ሆነ። እትዬ አፏን በእጇ ይዛ ወደኋላ አለች።

«የእንቁላል ቅርፊትና እብነ በረድ አንድ ሥጋ ናቸው» አለ አባቴ። ድምፁ ተለውጧል። ፓርኪንግ ውስጥ የሚያወጣው ድምፅ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የሚያወጣውም አይደለም። «ይህ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው፣ ከማዕድን የሚወጣ ነው። ከጨው፣ ከድኝ። የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውም የሱ ወገን ነው። ኢንኦርጋኒክ እንለዋለን። ያኛው ደግሞ ሕይወት ካለው ነገር የሚገኝ ነው። ሎሚ፣ አቼቶ፣ እርጎ ሲኮመጥጥ፣ ጉንዳን ሲነክስሽ የሚለቅብሽ። መሠረቱ ካርቦን ነው። ኦርጋኒክ።»

ስላልገባኝ በባስ መሰለልኝ። አሲድ ማለት ሃይድሮጅን የሚባሉ ተሳፋሪዎችን የጫነ ባስ ነው። የሚነክሱት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ኢንኦርጋኒኩ፣ ለምሳሌ ይህ ጠርሙስ ውስጥ ያለው፣ ውኃ ውስጥ እንደገባ ሁሉንም አንዴ ያራግፋል፣ ልክ የሸርቦርኑ ባስ ሰብዌይ ባቡር ጣቢያ ሲደርስ እንደሚያራግፈው። ኦርጋኒኩ ግን አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ያወርዳል፤ የወረደውም ተመልሶ ይሳፈራል።

«የእትዬ ጥሩው ነው ማለት ነው» አልኩ።

«ጥሩና መጥፎ አላልኩም። የቸኮለና ያልቸኮለ ነው ያልኩት። አንዱ የወረደው ነክሶ ሲያልቅ ሌላው ይወርዳል። ጊዜ ከሰጠሽው ይኸም ይጨርሰዋል።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ሆድሽ ውስጥ ያለውስ የትኛው ይመስልሻል? ኢንኦርጋኒኩ።»

እኔ ግን የሰማሁት ጥሩና መጥፎ ብሎ ነው። ያን ሳምንት ሰውን ሁሉ ለሁለት ከፈልኩት። እናቴ ቶሎ ስለምትቆጣ ኢንኦርጋኒክ ሆነች። ለአፍታ ተቆጥታ ረስታ የምትስመኝ እናቴ። አባቴና እትዬ ኦርጋኒክ ሆኑ፤ እነሱ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ሆዴን እየዳበስኩ እራት አልበላም አልኩ፤ ያ ነገር ከውስጤ እንዳይወጣ ፈራሁት። ለሚስተር ዲያስ ይህን ሁሉ ቢያስረዱት እትዬን እንደሚያሞግሳት ግን አልተጠራጠርኩም።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ሺፍት ስለነበራት፣ ትምህርት ቤትም ስለተዘጋ፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። አባቴ ደሴ ያሰፋውን ኮት ለበሰ። ሙቀቱ ከጠዋቱ ጀምሮ አናት ይበሳል፤ ብሉር ስትሪት ላይ የቆሻሻ ከረጢቶች በየጥጉ ተከምረው ዝንብ ወሯቸዋል፣ እሱ ግን ኮቱን አላወለቀም። እትዬ የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አድርጋለች። እየሄድን እጄን ትይዘኝና ትለቀኛለች፣ መልሳ ትይዘኛለች። መንገድ ላይ አንዴ ብቻ ተናገረች፤ አባቴን፣ አሲድ በእጄ እንዳልነካሁ አስረግጠህ ንገርልኝ አለችው። እሱም ኪሱን ዳበስ አድርጎ፣ አታስቢ አላት። ኪሱ አብጦ ነበር።

የሚስተር ዲያስ ቢሮ ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው፣ የእርጥብ መወልወያና የቱና ሽታ ያለበት ነበር። ጺሙ የሸበተ ፖርቱጋላዊ ነው። ወንበር አቀረበልን፤ ለእኔ ካራሜላ ሰጠኝ። የተቆጣ ሰው አይመስልም፤ የደከመው ሰው ነው የሚመስለው። ባንኮኒውን በምን እንደምታጸዳው ጠየቀ። አባቴ ተረጎመላት።

«በሰጡኝ ሳሙና በለው። ሎሚም እንዳለበት ንገረው፤ ምን ያሳፍረኛል። አሲድ ግን በእጄ አልነካሁም በለው።»

አባቴ ለመናገር አፉን ሲከፍት ሚስተር ዲያስ ቀደመው። ለነገሩ፣ አለ፣ እኔ የሚመስለኝ የታይል ሰዎቹ ናቸው። ወለሉን ሲያድሱ ሲሚንቶውን የሚያጥቡበትን አሲድ ባንኮኒው አጠገብ አስቀምጠውት ነበር፣ ጀሪካናቸው ያፈሳል። ይክዳሉ እንጂ እነሱ ናቸው። የወይዘሮዋን ቃል የምጠይቀው ለደንቡ ያህል ነው።

እንግሊዝኛው ከሁላችንም በላይ የሚገባው ለእኔ ነበር። እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ። ካራሜላዬን እየመጠጥኩ፣ ሰውየው ተሳስቷል፣ አሁን አባዬ ያርመዋል ብዬ ነው የጠበቅኩት።

አባቴም አረመው።

«የለም፣ ይቅርታ» አለው። «የታይሉ አሲድ ሃይድሮክሎሪክ ነው። ቢፈስ ኖሮ እንደ ውኃ ይሄዳል፣ ቅርጽ አይኖረውም፤ ድንጋዩንም ሸካራ ያደርገዋል። ይህ ግን ክብ ነው። ክብ ያለ ምክንያት አይመጣም።»

አባቴ የተሳሳተ መልስ ሰሌዳ ላይ ትቶ ከክፍል መውጣት የማይችል ሰው ነው። ይህን አሁን እንደ ጠባዩ አድርጌ ነው የምናገረው፤ ያን ቀን ግን ጀግንነት ነበር። ከሚስተር ዲያስ ጠረጴዛ ላይ እስክሪብቶ አንስቶ በሰውየው የሳንድዊች መጠቅለያ ወረቀት ላይ ባስ ሣለ። ተሳፋሪዎች ሣለ። አንዱ ባስ ሁሉንም ሲያራግፍ፣ ሌላኛው አንድ በአንድ ሲያወርድ። ካርቦኑን ሣለ። የሎሚ አሲድ ኦርጋኒክ ነው፣ ደካማ ነው፣ ምግብ ነው፣ ሕጋችሁ የሚከለክለው ዓይነት አይደለም፣ ነገር ግን እብነ በረድ ላይ ከቆየ ይህንኑ ነው የሚያደርገው አለው። እጁ እየፈጠነ፣ ድምፁ እየጠራ ሄደ። ከኮቱ ስር ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል።

እትዬ አንድም ቃል ሳይገባት ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሳችም። ሚስተር ዲያስ ጭንቅላቱን በነቀነቀ ቁጥር እሷም ትነቀንቃለች።

«ምንድነው የሚለው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ያንቺ አሲድ ጥሩው እንደሆነ እየነገረው ነው።»

«እዪው» አለች። «እዪው እስቲ ሲያስረዳ።» ጎንበስ ብላም የኮቱን ኮሌታ፣ ከአንገቱ ላይ የተጣጠፈውን፣ እንደ ልጅ አቃናችለት።

ከዚያ ወደ ላይ ወጣን። ሎቢው ይቀዘቅዛል፤ ውጭ ያለው ሽታ እዚያ የለም። አባቴ ከኪሱ ሎሚ አወጣ፤ ከቤት ይዞት የመጣው። የሚስተር ዲያስን የሳንድዊች ቢላ ተበድሮ ለሁለት ቆረጠው። ጭማቂው እንዳይንጠባጠብ መሀረቡን ከስሩ ይዞ፣ ድንጋዩን ሳያስነካ፣ ግማሹን ከአንዱ ክብ በላይ አቅንቶ ያዘው። ክቡና ሎሚው ልክ ለልክ ነበሩ። ዘበኛው ሳይቀር ጎንበስ ብሎ አየ። ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም።

ሚስተር ዲያስ ክቡን በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ የአባቴን እጅ ጨበጠ።

«አመሰግናለሁ፣ ጌታዬ። በጣም ረድተኸኛል።»

ወደ እትዬ ዞረና አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን የበር ካርድ በእጁ አመለከታት። ዝግ ባለ ድምፅ ነው የተናገረው። እሷ አባቴን አየችው። አባቴ መሀረቡን እየጠመዘዘ ነበር።

«ኦርጋኒክ ነው እኮ ያልኩህ» አለው ለሚስተር ዲያስ።

«አዎ፣ ገብቶኛል። በደንብ ነው ያስረዳኸኝ።»

እትዬ ካርዱን በአናቷ በኩል አወጣች። ገመዱ ጸጉሯ ላይ ሲይዛት እኔ አላቀቅኩላት። ካርዱ ላይ ያለው ፎቶ ዓይኗን ጨፍና የተነሳችው ነው፤ ስንቴ ስቀንበታል። አዲስ ሊያነሷት ነው ብዬ አሰብኩ።

ከመሽከርከሪያው በር እንደወጣን እትዬ ወደፊት ቀደመች። ያን ያህል ስትፈጥን አይቻት አላውቅም። ደስ ሲለኝ እኔም እሮጣለሁና ለመድረስ ሮጥኩ፤ እጇን ስይዛት አልጨበጠችኝም፣ አልለቀቀችኝምም። አባቴ ከኋላችን ዶናት መሸጫው በር ላይ ቆሞ ምን ላምጣላችሁ ብሎ ተጣራ። እኔ እጇን ለቅቄ ዞር አልኩና ቸኮሌቱን አልኩ። እትዬ መብራቱን ተሻግራ ነበር። ሎሚው፣ ሁለቱም ግማሽ፣ አሁንም በመሀረቡ ተጠቅልሎ በአባቴ እጅ ላይ አለ፤ የት እንደሚጥለው የጠፋው ይመስል ነበር። በዚያ በቆሻሻ በተሞላ መንገድ ላይ።

እናቴ ከሥራ ስትገባ እኔ ነኝ በር ላይ የተቀበልኳት። አባዬ አሸነፈ አልኳት። ባሱን፣ ሎሚውን፣ ክቡ ልክ መሆኑን፣ ሰውየው ጌታዬ ብሎ መጨበጡን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። እሷ እኔን አላየችኝም። ሶፋው ጥግ የተቀመጠችውን የእትዬን አንገት ነበር የምታየው። ቦርሳዋን አስቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበችና የታጠቡትን ሳህኖች እንደገና ማጠብ ጀመረች። አባቴ በረንዳ ላይ ወጣ። ማንም ዝም በይ አላለኝም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩት።

ተናደዋል ብዬ ማሰብ እንኳ አልመጣልኝም። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ቤቱ ሰላም ሆነ። አባቴና እትዬ ከዚያ በፊት እየተነጣጠቁ፣ በቀልድ እየተሰዳደቡ፣ አንዱ የሌላውን ጉርሻ እየቀማ ነበር የሚበሉት። አሁን፣ ጨው እባክህ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እባክሽ ትንሽ ጨምሪ ይባባላሉ። እኔ የኦርጋኒክ ጠባይ ነው ብዬ ወደድኩላቸው። እኛ ቤት እባክህ የሚባለው ለእንግዳ ብቻ እንደነበር ልብ ያልኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እናቴ ከእትዬ ጋር ታጸዳ የነበረችውን ኩልሱምን ገበያ ላይ አግኝታት የሰማችውን ነገረችኝ። የታይል ሰዎቹ እኛ ቢሮው ከመድረሳችን በፊት ጥፋቱን ባያምኑም ባንኮኒውን ራሳቸው ሊያስተካክሉት ተስማምተው ነበር። ማሽን አምጥተው ከእረፍት ሰዓታቸው ባነሰ ጊዜ ወልውለውታል። እንደ አዲስ ሆነ አለች። ክብ የነበረበት እንኳ አይታወቅም።

ያን ሳምንት አቼቶ ውስጥ የቆየው እንቁላል ቅርፊቱን ጥሎ ራቁቱን ቀረ። ስስ ቆዳው ውስጥ አስኳሉ ይታያል፤ በጣቴ ስነካው ይላወሳል። አባቴ ሊያየው አልመጣም። እኔ ግን ትምህርቱ እንዲቀጥል ፈልጌ እሑድ ከተበላው ዶሮ አንድ የእግር አጥንት ለቅሜ ማሰሮ አቼቶ ውስጥ ከተትኩት፤ አጥንት ረጅም ጊዜ ይፈጃል ብሎኝ ነበርና። በየቀኑ በማንኪያ እያወጣሁ እሞክረዋለሁ። እየጠነከረ እንጂ እየለሰለሰ የሄደ አይመስለኝም ነበር።

በዚያ ሰሞን ስልክ በዛ። እትዬ የማጽጃ ድርጅቶችን እየዞረች ትጠይቃለች፤ አባቴ ለየቦታው ኮል ያደርግላታል። የድሮው ሱፐርቫይዘርሽ ማን ነው፣ ለምን ወጣሽ የሚል ጥያቄ ሲመጣ ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳ ይወጣል። ስንት ቦታ እንደተጠየቀች አላውቅም። ከዚያ ብሩክስ የሚባል ስም ቤታችን ውስጥ መሰማት ጀመረ። አልበርታ ውስጥ ነው፤ የከብት ሥጋ የሚቆረጥበት ፋብሪካ አለ፣ እዚያ እንግሊዝኛ አይጠይቁም። ዘርይሁን የሚባል የደሴ ልጅ ወደዚያ በመኪናው ሊሄድ ነው። እናቴ፣ ቆይ እንጂ፣ ዊንተሩ ይለፍ ትላለች። እትዬ፣ እዝራ አያድግም ወይ ትላለች። አባቴ መስኮቱን ይከፍታል።

ብሩክስ ምንድነው ብዬ ስጠይቀው፣ እትዬ ቶሎ ቤት የምታገኝበት ቦታ ነው አለኝ። ስለዚህ ደስ አለኝ። ክፍሌ የእኔ ብቻ ሊሆን ነው። በሴፕቴምበር ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ቀይ ብስክሌት ያላቸው ሰዎች ገቡ፤ በኤለቬተሩ መስኮት ብስክሌቱን በር ላይ ቆሞ አየሁት። እዝራ ካናዳ የገባው እኔ ሃይስኩል ከገባሁ በኋላ ነው፤ ቶሮንቶ አይደለም፣ በቀጥታ ካልጋሪ። ድምፁ ጎርንኖ፣ ጺም አውጥቶ። እናቱ ኤርፖርት ላይ መጀመሪያ አላወቀችውም ይባላል።

እትዬ የሄደችው አድማው አልቆ ከረጢቶቹ የተነሱ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። መስኮቱ ተከፍቷል፣ የሚዘጋው ሰው የለም። የእትዬ ሻንጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ ጠዋት ተሳስመን፣ ተመራርቀን፣ እናቴ ስንቅ ቋጥራ ጨርሳለች። ዘርይሁን ታች ሲደርስ ይደውላል ተብሎ ሁሉም እንደተለመደው ሥራውን ይሠራል። ቴሌቪዥኑ በርቷል። እኔ ማሰሮውን ወደ ወጥ ቤቱ ሳህን ማጠቢያ ይዤ አጥንቱን አወጣሁት።

ታጠፈ።

«አባዬ፣ ና እየው!»

መጣ። ከእጄ ተቀብሎ በሁለት ጣቱ ያዘው፤ ቀስ አድርጎ አጠፈው። አጥንቱ እንደ ጎማ ተለመጠና ሲለቀው መልሶ ቀና። አባቴ ሳቀ። ከዚያች ሰኞ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። እናቴም እጇን እየጠረገች መጥታ ከትከሻው በላይ አየች።

«ማዕድኑ ነው የወጣው» አለ፣ በዚያ በሌላኛው ድምፁ። «ድንጋይ የሚያደርገው ነገር ነበር፤ አሲዱ ቀስ እያለ፣ አንድ አንድ እያለ በላው። መልኩ ግን እንዳለ ነው፣ አየሽ? ከሩቅ ብታዪው ምንም የሆነ አይመስልም።»

እትዬ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆማ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አንዱን አጥልቃ፣ ሌላውን በእጇ ይዛለች። ስልኳ አንዴ ጠርቶ ቆሟል። አባቴ ሲያስረዳ እስኪጨርስ ድረስ ሰማችው፤ አንገቷን ትንሽ ጋደል አድርጋ፣ ምድር ቤቱ ቢሮ ውስጥ እንዳደረገችው። ከዚያ ሁለተኛውን ጫማ አጠለቀች። ሻንጣው ጎማ ነበረው፣ ግን አልጎተተችውም፤ አንስታ ያዘችው።

በሩ ቀስ ብሎ ገጠመ። ኮሪደሩ ላይ የኤለቬተሩ ደወል ተሰማ፤ ያን ቀን ይሠራ ነበር። እናቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰች። አባቴ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተና የጸዳውን አጥንት ከውኃው ስር ይዞ እንደገና ማጠብ ጀመረ። ውኃው ሸሚዙ ላይ ይረጫል።

«ያዢ፣ ራኬብ» አለኝ፣ ዞር ሳይል። «አሁን ደግሞ በዚህ በኩል እጠፊው።»